ወደ ሳነቴ ከፍታ፤ ስለ አስቸጋሪ መንገድና ስለ ትንሿ ካሜራ

መንገድ የሄደ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየውን ለመናገር ይወዳል፤ በቤት የቀረውም ያላየውን ለመስማት ይናፍቃል። በቀድሞ ዘመን ይህን የሚፈጽመው አንደበት ብቻ ስለ ነበረ፥ ተራኪው ገደሉን ከፍ፥ ወንዙን ሰፋ ቢያደርገው የሚመሰክርበት አልነበረም። ዛሬ ግን በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ካሜራ በመኪና ላይ ታስራ፥ መንገዱን ከነአቧራው ከነጕድጓዱ ቀድታ ታመጣለች። ስለዚህም ብዙ ሰዎች፥ ሰው ይዋሻል እንጂ ካሜራ አይዋሽም ብለው በፍጹም ልብ ያምናሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካሜራ የሠሪውንና የያዡን ሐሳብ ተከትሎ የሚሄድ መሣሪያ ነውና፥ ሳይመረምሩ የመረጡት እንደ ሆነ ዳገቱን ሜዳ፥ አደጋውንም ጨዋታ አድርጎ ለተመልካች ያሳያል። ይህ ጽሑፍ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻችን ጋራ በባሌ ተራሮች ላይ ስላደረግነው ጉዞና ለዚያ ጉዞ የምትሆነውን ካሜራ ስለ መረጥንበት አኳኋን ይናገራል።

የጉዞአችን ምክንያት ትምህርት ነው። የኢትዮጵያን የአየር ጠባይ የሚማር ልጅ ሁሉ ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋና ውርጭ የሚሉትን ስሞች በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ላይ ከፍታቸውን በሜትር ይጽፋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ተወልዶ በአዲስ አበባ ያደገ ተማሪ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚወርዱበት ጊዜ ዛፉ እንዴት እንደሚለወጥ፥ ነፋሱ እንዴት እንደሚሞቅ፥ መንገደኛውም የደረበውን ጋቢ የት ላይ እንደሚያወልቅ አላየም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማሳየት፥ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ደን ውስጥ ወደ ደሎ መና እንደሚወርደው መንገድ ያለ ምቹ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል። በአምባው ላይ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ፥ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ቀዩ ተራራ ማለት ነው፥ 4,377 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፥ እስከ ጫፉ ድረስ መኪና የሚያወጣ መንገድ አለው። ደሎ መና ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከጎባ እስከ ደሎ መና ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ ከተራራው ጫፍ እስከ ታች ያለው ልዩነት 3,000 ሜትር ያህል ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በቀነሰ ቍጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፥ መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ሃያ ዲግሪ በሚያህል ለውጥ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ስለ ካሜራዋ ከመሠረቱ እንጀምር። ዛሬ «አክሽን ካሜራ» ተብላ የምትጠራው መሣሪያ መጀመሪያ የታሰበችው ለመኪና አልነበረም። ኒክ ውድማን የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ሞገድ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተት ሰው ነበርና፥ በሞገዱ ላይ ሳለ ሥዕል ለማንሣት ፈልጎ በ2002 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ኋላ ጎፕሮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ2004 ለገበያ የቀረበችውም የመጀመሪያዪቱ ካሜራ በእጅ አንጓ ላይ የምትታሰር፥ በ35 ሚሊሜትር ፊልም የምትሠራ ነበረች። ከሞገድ የተወለደች በመሆንዋ ውሃ አትፈራም፤ ሌንስዋ እጅግ ሰፊ ነው፤ እጅም ሳይነካት ታስራ ትሠራለች። የመኪና ሰዎች የወደዷት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሞገድና ጠጠር አንድ አይደሉም። ሞገድ ሰውን በዝግታ ያነሣዋል፥ በዝግታ ያወርደዋል፤ ጠጠር ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጣል። ሞገድ በፀሐይ ብርሃን ፊት ነው፤ የገጠር መንገድ ግን ከብርሃን ወደ ጥላ፥ ከጥላ ወደ ጭጋግ ይገባል። ስለዚህ ለሞገድ የተመሰገነችው ሁሉ ለጠጠር ትመሰገናለች ማለት አይቻልም።

ነጋዴዎች ካሜራን የሚያመሰግኑት በአንድ ቍጥር ነው፤ ይኸውም 4ኬ፥ 5.3ኬ፥ 8ኬ የሚሉት የሥዕሉ ነጥቦች ብዛት ነው። 4ኬ ማለት ሥዕሉ በአግድም 3,840፥ በቁም 2,160 ነጥብ አለው ማለት ነው። የትምህርት ቤታችን ማሳያ መሣሪያ ግን የዚህን እኩሌታ እንኳ አያሳይም። ለክፍል ተማሮች የሚታይ ፊልም 4ኬ ከሆነ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዕቃ ቤት የሚያጣብብ ሀብት ነው። ስለዚህ ቍጥሩን ትተን መንገዱን ጠየቅን። መንገዱም አራት ነገር ጠየቀን፤ ብርድ የምትችል፥ በጨለማ ደን ውስጥ የምታይ፥ መንቀጥቀጥን የምትሸከም፥ ከፍታን የምትነግር ካሜራ አምጡ አለን።

በዚያ ወራት ሦስት ዓይነቶችን አወዳደርን። አንደኛዪቱ በመስከረም 2024 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የወጣችው ጎፕሮ ሂሮ 13 ናት። እርስዋ በውስጥዋ ጂፒኤስ ስላላት፥ የመኪናውን ፍጥነትና የቦታውን ከፍታ ከፊልሙ ጋራ አብራ ትመዘግባለች። ከእርስዋ በፊት በ2023 የወጣችው ሂሮ 12 ግን ይህ የላትም፤ ስለዚህ ገዢ ሰው አዲስ ነው ብሎ ብቻ መግዛት የለበትም። ሁለተኛዪቱ በዚያው ወር የወጣችው የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 5 ፕሮ ናት። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳዋ ከጎፕሮዋ ሰፋ ያለ በመሆኑ በጥላ ውስጥ የተሻለ ታያለች፤ ባትሪዋም ትልቅ ነው፤ የገዛ ራስዋም 47 ጊጋባይት ማከማቻ አላት። ጂፒኤስ ግን በውስጥዋ የለም፥ ለብቻ የሚገዛ መቈጣጠሪያ ያሻል። ሦስተኛዪቱ በሚያዝያ 2024 የወጣችው ኢንስታ 360 ኤክስ 4 ናት። በፊትና በኋላ ሁለት ሌንስ ስላላት ዙሪያዋን ሁሉ ትቀዳለች፤ ወዴት መመልከት እንደሚገባ በኋላ በቤት ተቀምጠው ይመርጣሉ። ነገር ግን ሁለቱ ሌንሶችዋ እንደ ዐይን ብሌን ወደ ውጭ የወጡ ስለ ሆኑ ጠጠርና ቅርንጫፍ በቀላሉ ያገኛቸዋል፤ ፊልምዋንም ለማዘጋጀት ብርቱ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል።

ከባልደረቦቻችን አንዱ፥ እርሱም የሒሳብ መምህር ነው፥ ጎፕሮዋን ወደደ፤ ከፍታን ለማስተማር የሚሄድ ሰው ከፍታን የምትጽፍ ካሜራ እንዴት ይተዋል? አለ። ክርክሩ ብርቱ ነበረ። ነገር ግን እንዲህ ስንል መለስንለት፤ ከፍታን በስልክ ጂፒኤስ አንብቦ በደብተር መጻፍ ይቻላል፤ በጨለማ ውስጥ የጠፋውን ዛፍ ግን በደብተር መመለስ አይቻልም። እንዲያውም ቍጥሩ በፊልሙ ላይ ተጽፎ ከመጣ ተማሪው አንብቦት ያልፋል፤ በደብተር ከመጣ ግን እርሱ ራሱ በካሬ ወረቀት ላይ እያነጠበ የምድሩን ቅርጽ ይሥላል። በዚህ ምክንያት ሰፊ ሰሌዳ ያላትን ሁለተኛዪቱን መረጥን። የእኛ መንገድ በረሃ ቢሆን ኖሮ፥ ጥላ በሌለበት አገር ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር።

ሮቤ ላይ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራየን። ሾፌሩ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፥ ያን መንገድ በክረምትም በበጋም የሚያውቅ ሰው ነው። ከባልደረቦቻችን ወጣቱ ካሜራዋን በኮፈኑ ላይ በሚጣበቀው የጎማ ጽዋ ሊያቆማት ሲል፥ ሾፌሩ በጨርቅ እየጠረገ ይመለከተው ነበረና «ላይ ስንደርስ ትወድቅብሃለች» አለው። እርሱ ይህን ያወቀው በልማድ ነው፤ ምክንያቱ ግን በፊዚክስ መጽሐፍ የተጻፈ ነው። የጎማ ጽዋ በመስተዋት ወይም በቆርቆሮ ላይ የሚይዘው ከውስጡ አየር ስለ ወጣ፥ የውጭው አየር ስለሚጫነው ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 62 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ አጥብቆ የያዘ ጽዋ በሳነቴ ላይ ከሚይዝበት ኀይል ከሲሶ የሚበልጠውን ያጣል፤ በዚህ ላይ አቧራና መንቀጥቀጥ ሲጨመር መውደቁ አይቀርም። ካሜራዋን በፖርቶ መጋላው የፊት ብረት ላይ በሚጠብቅ ማሰሪያ አሰርናት፤ ከማሰሪያውም ሌላ በጠንካራ ሲባጎ ደግመን ከብረቱ ጋራ አያያዝናት። ማሰሪያው አጭር መሆን አለበት። ክንዱ በረዘመ መጠን ጫፉ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል፥ ካሜራዋም የመኪናውን ሳይሆን የክንዱን መንቀጥቀጥ ትቀዳለች።

በማግሥቱ ማለዳ ከጎባ ስንነሣ ውርጭ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተነጥፎ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ወራት ሰማዩ የጠራ ስለ ሆነ፥ በአምባው ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሊትየም ባትሪ በብርድ ጊዜ ያለውን ኀይል ሁሉ መስጠት ይሳነዋል፤ ሙሉ ነው ያሉት በድንገት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪዎቻችንን በካፖርታችን የውስጥ ኪስ ይዘን በገላችን ሙቀት አቈየናቸው። የቀዘቀዘ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ በኤሌክትሪክ መሙላትም ይጎዳዋልና፥ አስቀድሞ ማሞቅ ይገባል።

መንገዱ በአስታ ቍጥቋጦ መካከል እየተጠማዘዘ ወጥቶ ከአምባው ላይ በደረሰ ጊዜ፥ ሌላ ዓለም የገባን መሰለን። ዛፍ የለም፤ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ትናንሽ ኵሬዎች በድንጋይ መካከል ያበራሉ፤ ነፋሱም ጆሮ ይቈርጣል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስለ ሳሳበት መጐተት አቃተውና ሾፌሩ ማርሹን ቀነሰ። በዚያ ከፍታ ላይ ፀሐይ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነች፥ ካሜራዋ ብርሃኑን ለመቀነስ እያንዳንዱን ሥዕል በጣም አጭር በሆነ ቅጽበት ትቀዳዋለች። ሥዕሎቹ ያን ያህል የተቈራረጡ በሆኑ ጊዜ የመኪናው ጕዞ እንደ ዶሮ አረማመድ ዘለል ዘለል ይላል። ለዚህ መድኀኒቱ በሌንሱ ፊት እንደ ጥቍር መነጽር የሚገባ ማጣሪያ ነው። በሰከንድ 30 ሥዕል ሲቀዱ እያንዳንዱ ሥዕል የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ያህል ቢወስድ እንቅስቃሴው ለዐይን የለሰለሰ ይሆናል።

ከአንድ ኵሬ አጠገብ በደረስን ጊዜ ወጣቱ ባልደረባችን ጎንበስ ብሎ ለሾፌሩ፥ «ጋሼ፥ እስቲ ጥቂት ወደ ሣሩ ይውጡልን፤ ጎማው ውሃውን ሲረጭ በፊልም እጅግ ያምራል» አለ። ሾፌሩ መልስ ሳይሰጥ በጎኑ ወደ ተቀመጡት የፓርኩ ጠባቂ ተመለከተ። ጠባቂው መኪናውን አስቁመው ወረዱና ወጣቱን ጠሩት። «ልጄ፥ ይህ ሣር ብቻ ይመስልሃል? ከሥሩ ቤት አለ» አሉት፤ በበትራቸውም ከእግራቸው ሥር ያለውን ቀዳዳ አሳዩት። በባሌ ተራሮች እንጂ በሌላ ስፍራ የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል በዚያ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ የምትኖረው ከሞላ ጐደል በእርሱና በመሰሎቹ አይጦች ነው። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ያደጉት 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከእኩሌታ የሚበልጡት በእነዚህ ተራሮች ላይ ናቸው። ጠባቂው ቀጥለው ጥቂት ራቅ ያለ የጎማ ፈለግ አሳዩን። ሣሩ በመካከሉ አልበቀለም፤ ውሃ ገብቶበት ቦይ ሆኗል። «ይህ መኪና ካለፈ ስንት ክረምት አልፎታል፤ በዚህ ብርድ ሣር ቶሎ አይነሣም። እርሱም የመጣው ሥዕል ሊያነሣ ነበር» አሉ። ወጣቱም «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ካሜራዋን ከፖርቶ መጋላው ላይ ፈታት።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ከቀኑ ፊልም ሁሉ የተሻለውን አስገኘልን። ካሜራዋን በመንገዱ ዳር በሚገኝ ድንጋይ ላይ አቁሞ፥ መኪናው በመንገዱ ላይ እንዳለ በዝግታ እንዲያልፍ አደረገ። በመኪና ላይ የታሰረች ካሜራ መንገዱን ታያለች እንጂ መኪናውን አታይም፤ ስለዚህ ጎማው በድንጋዩ ላይ እንዴት እንደሚወጣ፥ ባሌስትራው እንዴት እንደሚተጣጠፍ አትናገርም። ከመሬት የቆመች ግን ሁሉን ታያለች። ትንሽነትዋ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ከመንገዱ እንዲወጣ ሳትጠይቅ፥ እርስዋ ራስዋ ሰው በእግሩ ወደሚደርስበት ትሄዳለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ በወረቀት ነው፤ ጥበቃው ግን በእያንዳንዱ ጎማ ነው።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንወጣ ሌላ ጕዳይ ገጠመን። አክሽን ካሜራ ሰፊ ሌንስ ስላላት፥ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት ታርቀዋለች፥ ታሳጥረዋለች፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ እያቃሰተ የሚወጣበት ስፍራ በፊልሙ ላይ ለጥ ያለ ይመስላል። ይህ በየአገሩ መኪና በአስቸጋሪ መንገድ የሚነዱ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ጕዳቱም ቀላል አይደለም። በፊልም ላይ ዳገቱን ዝቅ ብሎ ያየ ልጅ መኪና በያዘ ጊዜ፥ እነዚያ ያለፉት እኔም አልፈዋለሁ ይላል፤ ካሜራዋ የደበቀችውን የሚከፍለው እርሱ ነው። ስለዚህ ከግንበኞች ዘዴ ተበድረን፥ ከመኪናው የፊት መስተዋት ላይ ቱንቢ ሰቀልን፤ በስተኋላውም ዲግሪ የተጻፈበት ካርቶን ለጠፍን። ካሜራዋን ወደ ውስጥ አግብተን ቱንቢውንና መንገዱን በአንድነት እንድትመለከት አደረግናት። መኪናው በአንደኛ ማርሽ ሳይፈጥን ሳይፈርንም በሚሄድበት ጊዜ ቱንቢው ዳገቱን በእርግጥ ይናገራል። ሰባት ዲግሪ ባሳየ ጊዜ፥ በ100 ሜትር መንገድ 12 ሜትር ያህል እንወጣለን ማለት ነው። ተማሪው ዐይኑ ሜዳ ነው ቢለው እንኳ ገመዱን አይቶ ዳገት መሆኑን ያምናል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እነዚህ ካሜራዎች መንቀጥቀጥን የሚያጠፋ ጥበብ በውስጣቸው አለ፤ ካሜራዋ በተንቀጠቀጠች ቍጥር የሥዕሉን ጠርዝ እየቈረጠች መካከሉን ታጸናዋለች። ካሜራዋ ውጭ ሳለች ይህ መልካም ነው። በመኪናው ውስጥ ካለች ግን የምታጸናው ከውጭ ያለውን ዓለም ስለ ሆነ፥ መሪውና ወንበሩ በፊልሙ ላይ እንደ ሰካራም ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ወደ ውስጥ በምትመለከትበት ጊዜ ይህን ጥበብ ማጥፋት ይገባል።

ከቱሉ ዲምቱ ወርደን አምባው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ በደረስን ጊዜ፥ ምድሩ ከእግራችን በታች በድንገት ጠፋ። ከታች የሚታየው የደመና ባሕር ነው፤ በደመናው ሥር ሐረና አለ። መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ሪራ ይወርዳል። ሾፌሩ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ወረደ፤ ፍሬን ከጋለ አይዝምና። ወጣቱ ባልደረባችን እንደ ገና ካሜራዋን አብርቶ ሲያስራት፥ ሾፌሩ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለ፤ «ካሜራ ያየ ሾፌር እግሩ ይከብዳል። እኔን ሳትነግረኝ አብራት፤ መብራትዋን ሳላይ ልንዳ።» ከዚያ በኋላ ካሜራዋ መቼ እንደምትቀዳ ለሾፌሩ አልተነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም።

በደኑ ጫፍ በደረስን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ሆነ። ከአምባው ብርድ የመጣችው ካሜራ ሞቅ ወዳለውና ርጥበት ወዳለው አየር በገባች ጊዜ፥ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በክረምት እንደሚያልበው ሁሉ ሌንስዋ በጤዛ ተሸፈነ። መኪናውን አቁመን ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅናት፤ ሙቀትዋ ከአየሩ ጋራ በተስተካከለ ጊዜ ጤዛው ተነነ። በዚህ ሰዓት የባትሪዋን በር መክፈት አይገባም፤ ርጥብ አየር ወደ ውስጥ ከገባ ጤዛው ከመስተዋቱ በስተውስጥ ይሆናልና። ሁለተኛው ነገር ጨለማው ነው። ቀትር ሲሆን በዛፎቹ ሥር ምሽት ነበረ። ሽበት ያለው የዛፍ ሽበት ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፤ የንብ ቀፎዎች ከፍ ብለው ተሰቅለዋል፤ ዝቅ ስንልም በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር የጫካ ቡና ታየን። ጥቍሩን ማጣሪያ አወጣን።

የካሜራዋ ምርጫ የተፈተነው በዚህ ነው። ብርሃን ባነሰ ጊዜ ካሜራ እያንዳንዱን ሥዕል ለመቅዳት ረዘም ያለ ጊዜ ትፈልጋለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናው ከተንቀጠቀጠ ሥዕሉ ራሱ ይደበዝዛል። መንቀጥቀጥን የሚያጠፋው ጥበብ ሥዕሉን ባለበት ሊያጸናው ይችላል፥ የደበዘዘውን ግን ሊያጠራው አይችልም። ሰፊ ሰሌዳ ያላት ካሜራ በዚያው ብርሃን አጭር ጊዜ ስለሚበቃት ዛፉ ዛፍ ሆኖ ይታያል። ሾፌሩም ያለ ልመና ዝግ ብሎ ስለ ነዳ ጥበቡን ረዳው። በእርግጥ ከዝግታ የሚበልጥ ማጽኛ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ሲመሽ ደሎ መና ገባን። ጋቢያችንን በመኪናው ወንበር ላይ ትተን በሸሚዝ ወረድን። ማታ የሒሳቡ መምህር የማከማቻውን ልክ ሠራ። ካሜራዋ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብትጽፍ፥ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና 12 ሜጋባይት ተኩል ይሆናል፤ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ 256 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። ካርዱም በላዩ ቪ30 የሚል ምልክት ያለበት ሊሆን ይገባል፤ ይኸውም በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት ባላነሰ ፍጥነት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው። ርካሽና ምልክቱ ሐሰተኛ የሆነ ካርድ በገበያ ብዙ ስለ ሆነ፥ ከመንገድ በፊት በቤት እስኪሞላ ድረስ ቀድቶ መፈተን ብልህነት ነው።

ፊልሙን በክፍል ባሳየንበት ቀን ተማሮቹ ከደብተራችን ከፍታውን እየተቀበሉ በካሬ ወረቀት ላይ የምድሩን ቅርጽ ሣሉ። አንዲት ልጅ ሣላ እንደ ጨረሰች ወረቀትዋን አቁማ ተመለከተችና፥ «መምህር፥ ሾፌሩ በዚህ ላይ ነው ወይ የወረደው?» ብላ ጠየቀች። ከፊልሙ ይልቅ ወረቀቱ አስደነገጣት። ቱንቢውን እንደ ገና አሳየናት፤ ከዚያ በኋላ ፊልሙን በሌላ ዐይን ተመለከተችው።

አሁን በብዙ ቤት ወጣቶች እንዲህ ያለ ካሜራ ይገዛልን ይላሉ፤ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም በስጦታ ይልካሉ። ወላጆች ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ልጃቸውን እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቁት መልካም ነው። የት ልትቀዳበት ነው? ሙቀት ከሆነ ሌላ፥ ብርድ ከሆነ ሌላ ነው፤ አምራቾች ካሜራዋ የምትችለውን የሙቀት ልክ በመግለጫው ላይ ይጽፋሉና ይነበብ። ብርሃን አለ ወይስ ጥላ ነው? በምን ታስራታለህ፥ ሁለተኛስ ገመድ አለህ? በምን ላይ ታሳየዋለህ? ለማንስ ታሳያለህ? ከሁሉ በኋላ የሚጠየቀው የነጥቦቹ ብዛት ይሁን። ዓይነቶቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፥ እነዚህ ጥያቄዎች ግን ለሚመጣውም ያገለግላሉ።

ከዚህ በቀር ሦስት ሕግ በመኪናው ውስጥ ይጠበቅ። ካሜራ የያዘ ሰው ለሾፌር ትእዛዝ አይስጥ። መሪ የያዘ ሰው ካሜራ አይንካ። መኪናውም ለሥዕል ሲባል ከመንገዱ አይውጣ። ወጣቱ ባልደረባችን እነዚህን ሦስቱን በራሱ እጅ ጽፎ በካሜራዋ ሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፏቸዋል። በሚመጣው ዓመት ተማሮችን ይዘን ወደ ሌላ መንገድ ስንሄድ ካሜራዋን የሚይዙት እነርሱ ናቸውና፥ ሣጥኑን የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ ያነብባቸዋል።